የአንድ ኪሎ በርበሬ እውነተኛ ዋጋ
በመርካቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ንግድ ለሚጀምሩ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለሚረዷቸው የልማት ሠራተኞች

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ዛላ በርበሬ ከአምራቹ ተቀብለው ወይም መርካቶ ላይ ገዝተው፣ ቀንጥሰውና አድርቀው፣ በቅመም አሰናድተውና አስፈጭተው በከረጢት ለመሸጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚነሡ አነስተኛ ማኅበራት ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ሲቋቋም አባላቱ ብዙውን ጊዜ ሙያውን አሳምረው የሚያውቁ ናቸው። በርበሬ እንዴት እንደሚደለዝ፣ ኮረሪማውና በሶብላው ስንት እንደሚገባ ከእናቶቻቸው ተምረዋል። ሆኖም ለቤት በርበሬ ማዘጋጀትና በርበሬ ነግዶ ማደር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለቤት ሲሰናዳ ጉልበት አይቆጠርም፤ የጠፋው ኪሎም አይመዘንም። በንግድ ግን ያልተቆጠረው ጉልበትና ያልተመዘነው ኪሎ ማኅበሩን ሳያሳውቁት ያከስሩታል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ከሙያው ይልቅ በሚዛኑና በሒሳቡ ላይ እንዲያተኩር ይመከራል።

ገበያውን ስለማጥናት

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ሠፈር እንዲዛወር አደረገ፤ መርካቶ የሚለው ስምም ከዚያ ጊዜ የቀረ የጣሊያንኛ ቃል ነው። ገበያው በየተራው የተከፈለ ነው። እህሉ በእህል በረንዳ፣ ጨርቁ በሸማ ተራ፣ አሮጌው ቆርቆሮና ብረታ ብረት በምን አለሽ ተራ፣ በርበሬው በበርበሬ በረንዳ ይገኛል።

ይህ አደረጃጀት ለጀማሪ ነጋዴ ትልቅ ጥቅም አለው። ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ አንድ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ አምስትና ስድስት ቦታ ዋጋ ጠይቆ ሊያነጻጽር ይችላል። በአንጻሩ ሻጩ አዲስ መጪን ከርቀት ያውቀዋል። ደላላውም እንዲሁ። ስለዚህ ማኅበሩ ገንዘብ ይዞ በሄደበት በመጀመሪያው ቀን መግዛት የለበትም። ሁለት አባላት ቢያንስ በሦስት የተለያዩ የገበያ ቀናት ባዶ እጃቸውን ሄደው የተጠየቀውን ዋጋ፣ ሌላ ሰው በእርግጥ ከፍሎ የወሰደበትን ዋጋና የበርበሬውን መነሻ በደብተር ይመዝግቡ። በተጠራው ዋጋና በተከፈለው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ትምህርት ነው።

መነሻው ሊጠየቅ የሚገባው ከማረቆ፣ ከአላባ፣ ከቡሬና ከወንበርማ የሚመጣው በርበሬ በመልኩም በማቃጠሉም ስለሚለያይ ነው። ማረቆ ፋና የተባለው ዝርያ በትልቅነቱና በደማቅ ቀይ ቀለሙ የታወቀ ነው። ከመልካሳ የምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ዛላና መልካ አዋዜ የተባሉት ዝርያዎችም በአንዳንድ አካባቢዎች ይመረታሉ። ደንበኛ አንድ ጊዜ የለመደውን ቀለምና ማቃጠል ስለሚሻ፣ ማኅበሩ በየጊዜው ያገኘውን እየቀላቀለ ከሚሸጥ አንድ መነሻ መርጦ ቢጸና ይሻለዋል። በርበሬ በብዛት ወደ ገበያ የሚገባው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ጀማሪ ማኅበርም ግዢውን በዚህ ወቅት ቢያደርግ ይመረጣል፤ ክረምት ሲገባ ዋጋውም እርጥበቱም ይጨምራል።

ውኃ በበርበሬ ዋጋ አይገዛ

በጣም የደረቀ ዛላ በጆንያ ሲታሽግና ሲጫን ይሰባበራል። ይህን ለማስቀረት በሚል ሰበብ ውኃ የሚረጩበት ሻጮች አሉ። በዚያውም ሚዛኑ ይጨምራል። በአንድ ኩንታል ውስጥ 8 ኪሎ ውኃ ቢኖርና ኪሎው 300 ብር ቢሆን፣ ማኅበሩ 2,400 ብር ለውኃ ከፈለ ማለት ነው።

በደንብ የደረቀ ዛላ በጆሮ አጠገብ ሲያንቀሳቅሱት በውስጡ ያለው ፍሬ ይንኳኳል፤ በጣት ሲያጥፉትም ይሰበራል። እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍና ድምፅ የማይሰጥ ከሆነ እርጥበት አለው። ይህ ፍተሻ ከጆንያው አፍ በተወሰደ ዛላ ብቻ መደረግ የለበትም። እጅን እስከ ክርን ከትቶ ከመካከሉ ማውጣት፣ የሚቻል ከሆነም ጆንያውን ማስገልበጥ ያስፈልጋል። ላዩ እሳት የመሰለ፣ መካከሉ የላመ ጆንያ ገዝተን ስለምናውቅ ነው ይህን ማጥበቃችን። ሻጩ አላስገለብጥም ካለ መልሱን ሰጥቷል፤ ወደሚቀጥለው በረንዳ መሄድ ነው።

የእርጥበት ጉዳት በገንዘብ ብቻ አይወሰንም። እርጥብ በርበሬ በታፈነ ቦታ ሲቀመጥ ይሻግታል፤ ከሻጋታው ዓይነቶች አንዳንዶቹም አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ በዓይን አይታይም፤ ፀሐይ ላይ በማስጣት፣ በመፍጨትም ሆነ ወጥ ውስጥ በማቁላላት አይወገድም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ ጠቅላላ አፍላቶክሲን እንዳይገኝ፣ ከዚህም ውስጥ ቢ1 የተባለው ዓይነት ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ደንግገዋል። ወደ ውጭ የመላክ ሐሳብ ያለው ማኅበር ከወዲሁ ሊያውቀው ይገባል። የአገራችን በላተኛም ቢሆን ያው ጉበት ነው ያለው። ስለሆነም የሻገተ ዛላ ተለይቶ መጣል አለበት። «ፈጭተነው ከደህናው ጋር ይቀላቀል» የሚል አባል ከተነሣ የልማት ሠራተኛው በግልጽ ይቃወመው። ማስጣቱ ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ ይሁን፤ ማታ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ይሰብሰብ።

የተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የመሰለ ባዕድ ነገር እየተጨመረ እንደሚሸጥ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ለዚህም ነው ማኅበሩ የተፈጨ ሳይሆን ዛላውን ገዝቶ ራሱ ማስፈጨት ያለበት። ወፍጮ ቤትም አንድ አባል ቆሞ ይጠብቅ። የተጠራጠረ ሰው አንድ ማንኪያ ዱቄት በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቢጨምር፣ አፈርና ሸክላ ያለበት ፈጥኖ ከታች ይዘቅጣል፤ ዝቃጩም በጣት ሲታሽ ይሻክራል። ይህን ፍተሻ በደንበኛ ፊት ማድረግ ደንበኛን የሚያፈራ ሥራ መሆኑን ለአባላቱ ማስገንዘብ ይጠቅማል።

የአንድ ኪሎ ሒሳብ

ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለሒሳቡ እንዲመቹ የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው። ማኅበሩ በየቦታው የራሱን ቁጥር ያስገባ።

አንድ ኩንታል ዛላ በ300 ብር ሒሳብ ተገዛ እንበል፤ 30,000 ብር ነው። ለመኪናና ለጫኝ አውራጅ 1,200 ብር ወጣ። ለነጭ ሽንኩርት፣ ለዝንጅብል፣ ለኮረሪማ፣ ለጥቁርና ለነጭ አዝሙድ፣ ለበሶብላና ለጨው 6,000 ብር ተከፈለ። አዲስ ማኅበር ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ሒሳብ እንዲህ ነው፦ «ዛላው 300፣ ቅመሙ 60፣ ማስፈጫው 10፣ ባጠቃላይ 370 ብር። በ450 ብንሸጥ በኪሎ 80 ብር እናተርፋለን።»

ስሕተቱ ያለው አንድ መቶ ኪሎ ገብቶ አንድ መቶ ኪሎ ይወጣል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። በእርግጥ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ እንመልከት። ጭራው ሲቀነጠስ፣ የሻገተውና የነጣው ሲለቀም፣ አቧራው ሲራገፍና የቀረው እርጥበት በፀሐይ ሲወጣ 100 ኪሎው 82 ኪሎ ሆነ እንበል። ቅመሙ ከደረቀ በኋላ 12 ኪሎ ጨመረ፤ 94 ሆነ። ወፍጮው ውስጥ የቀረው፣ የበነነውና በወንፊት የወጣው ተቀንሶ 90 ኪሎ ዱቄት ተገኘ። ማስፈጫው ወደ ወፍጮ በገባው 94 ኪሎ ላይ በ10 ብር ሒሳብ 940 ብር ነው። ከረጢትና የስም ወረቀት ለ90 ኪሎ በ12 ብር 1,080 ብር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ከእጅ የወጣው 39,220 ብር ነው።

አሁን ጉልበት ይቆጠር። አራት ሴቶች ሦስት ቀን ሙሉ ሲቀነጥሱ፣ ሲደልዙና ሲያሰጡ ከዋሉ 12 የሥራ ቀን ነው። እነዚሁ ሴቶች ሌላ ቦታ ቀን ሠራተኛ ሆነው ቢውሉ በቀን 250 ብር ያገኙ ነበር ብንል 3,000 ብር ይሆናል። ከቤት ኪራይ፣ ከስልክና ከመሣሪያ እርጅና ለዚህ ኩንታል የሚደርሰው 1,880 ብር ነው ይባል። ጠቅላላው 44,100 ብር ነው። ይህ ለ90 ኪሎ ሲካፈል አንዱ ኪሎ በ490 ብር ይወድቃል።

በ450 ብር የሸጠው ማኅበር እንግዲህ በኪሎ 40 ብር፣ በኩንታሉ 3,600 ብር ከስሯል። ነገር ግን ኪሳራው አይታየውም። የሽያጩ ገቢ 40,500 ብር፣ ከእጁ የወጣው ግን 39,220 ብር ስለሆነ ሣጥኑን ሲከፍት 1,280 ብር ተርፎ ያገኛል። አባላቱም ይደሰታሉ። ይህ 1,280 ብር ትርፍ ሳይሆን የ12 ቀን ልፋትና የኪራዩ ቁራጭ ነው። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ሴቶቹ አንድ በአንድ መቅረት ይጀምራሉ፤ ማኅበሩ «የአባላት ስንፍና» ብሎ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ስንፍና የተባለው ነገር በሒሳቡ ውስጥ ያልገባ ደመወዝ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ማኅበሩን በሚጎበኝበት ጊዜ ሦስት ሚዛኖችን ይጠይቅ፦ የተገዛውን፣ ወፍጮ ቤት የገባውንና በከረጢት የታሸገውን። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ለእያንዳንዱ ኩንታል በደብተር ከተጻፉ ከአራትና ከአምስት ዙር በኋላ ማኅበሩ ከየትኛው ሻጭ የተገዛው ዛላ የበለጠ ዱቄት እንደሚሰጥ ራሱ ያውቃል። በኪሎ 15 ብር የሚረክሰው ዛላ ብዙ ጊዜ ውዱ ሆኖ ይገኛል። ደመወዙም ወዲያው መከፈል ባይችል እንኳ በየሴቲቱ ስም ዕዳ ሆኖ ይመዝገብ። ለማኅበሩ ሥራ የተያዘው ገንዘብ ለማንም አባል የእቁብ መክፈያ «ለአንድ ሳምንት ብቻ» ተብሎ አይበደር። አንድ ሳምንት ማለት በገበያ ወቅት አንድ ኩንታል ማለት ነው።

ስለ ዱቤ

መርካቶ ውስጥ ብዙ ዕቃ የሚንቀሳቀሰው በመተማመን ነው። የቆየ ነጋዴ ለቆየ ነጋዴ ያለ ወረቀት ይሰጣል፤ ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን መተማመኑ የተገነባው በብዙ ዓመት ነው፤ አዲስ ማኅበር በአንድ ወር ውስጥ እንዲሁ ልሁን ቢል ይጎዳል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ማኅበሩ ያለው ገንዘብ ለአንድ ኩንታል ብቻ የሚበቃ ነው እንበል። በ520 ብር በእጅ በእጅ ሲሸጥ በኪሎ 30፣ በኩንታሉ 2,700 ብር ያተርፋል። ከግዢ እስከ ገንዘቡ መመለሻ 15 ቀን ቢፈጅ፣ በአምስት ወር የገበያ ወቅት አሥር ጊዜ ይመላለሳል፤ ትርፉ 27,000 ብር ነው። አንድ ባለሱቅ ደግሞ «በ540 እወስዳለሁ፤ ገንዘቡን ግን ቆይቼ ነው» ቢል ትርፉ በኪሎ 50፣ በኩንታሉ 4,500 ብር ይሆናል። ዋጋው የተሻለ ይመስላል። ገንዘቡ የሚመለሰው ግን በ60 ቀን ከሆነ በአምስቱ ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚመላለሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ትርፉ 9,000 ብር። ከፍ ያለው ዋጋ 18,000 ብር አሳጣ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ባለሱቁ ቃሉን ከጠበቀ ነው። ዱቤ ፈጽሞ አይሰጥ አንልም፤ የመጀመሪያው ዓመት ግን በዱቤ ያለው ዕቃ ከአንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ፣ የቀድሞውን ያልከፈለም አዲስ እንዳይጨመርለት ጉባኤው ይወስን። የአመራሩ ዘመድም ቢሆን።

በስልክ ስለሚደረግ ሽያጭ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከባንኮች የስልክ አገልግሎት ጋር ተዳምሮ፣ ሱቅ የሌለው ማኅበር በቴሌግራምና በፌስቡክ አስተዋውቆ ለሸማቹ በቀጥታ መሸጥ ይችላል። የሱቅ ኪራይ በከበደበት በመርካቶ አካባቢ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን በስልክ የሚሸጠው በርበሬ የሚወድቅበት ዋጋ ከላይ ከተሰላው 490 ብር የሚቀንስበት ምክንያት የለም፤ እንዲያውም ማድረሻ ይጨመርበታል። አንድ ኪሎ ይዞ ከአዲስ ከተማ እስከ ሰሚት በሞተር የሚሄድ ሰው ትርፉን በመንገድ ይጨርሰዋል። ስለሆነም ትንሹ ትእዛዝ ሦስት ኪሎ ይሁን፤ ማድረሻውም በሳምንት ሁለት ቀን ተወስኖ የአንድ አቅጣጫ ትእዛዝ በአንድ ጉዞ ይሂድ። የማድረሻውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ከዋጋው ጋር አብሮ ይነገር፤ በር ላይ መጨቃጨቅ ደንበኛ ያርቃል።

ፎቶግራፉ የማኅበሩ የራሱ በርበሬ፣ በቀን ብርሃን የተነሣ ይሁን። ከሌላ ቦታ በተወሰደ የሚያምር ፎቶ የመጣ ደንበኛ ከረጢቱን ሲከፍት ይከፋል። ከረጢቱ ላይ የማኅበሩ ስም፣ የተጣራ ሚዛን፣ ጨው ያለውና የሌለው መሆኑ፣ የተፈጨበት ቀንና ስልክ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ፍጭት አንድ እፍኝ በትንሽ ብልቃጥ ተለይቶ፣ ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ። አንዲት ደንበኛ ደውለው «ልጄ፣ የዛሬው እንደ ባለፈው አይደለም» ሲሉ ያን ብልቃጥ አውጥቶ ማነጻጸር ይቻላል። ልክ ከሆኑ ይለወጥላቸው። ካልሆኑም በትሕትና ይነገራቸው።

በክፍያ ረገድ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ከፋዩ «ልኬያለሁ» ብሎ የሚያሳየው የስልክ ገጽ ፎቶ ክፍያ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ምስል በሐሰት ይሠራል። የሐሰት የጽሑፍ መልእክትም ይላካል። ዕቃው ከእጅ የሚወጣው በማኅበሩ ሒሳብ ላይ ገንዘቡ መግባቱ በራሱ በማኅበሩ ስልክ ከታየ በኋላ ብቻ ነው። ሰውየው ቢቸኩልም፣ ቢቆጣም። የምሥጢር ቁጥር ለማንም፣ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ለሚልም ጭምር፣ አይነገር። ክፍያው የሚገባበት ሒሳብ የማኅበሩ እንጂ የገንዘብ ያዡ የግል ሒሳብ መሆን የለበትም። ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ ቢታመም ወይም ስልኩ ቢጠፋ ማኅበሩ ገንዘቡን ማንሣት አይችልም።

ስለ መያዣ፣ ስለ ማከማቻና ስለ ደረሰኝ

ቆራሌው ከየሠፈሩ የሚሰበስበው ጀሪካንና በርሜል ምን አለሽ ተራ ላይ በርካሽ ይገኛል። ከዚያ ምድጃ፣ መደርደሪያ፣ የወንፊት ክፈፍ መግዛት ይቻላል። ምግብ መያዣ ግን አይገዛ፤ ቀድሞ ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል ይዞ እንደሆነ በማጠብ ማወቅም ማጽዳትም አይቻልም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው የእሳት አደጋ የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት አውድሟል። መርካቶ ሱቆች የተጠጋጉበት ቦታ በመሆኑ ማኅበሩ የዓመቱን በርበሬ በአንድ መጋዘን አያከማች፤ ከፊሉን ከአምራቹ ዘንድ በዛላው ቢያቆይ ይሻላል። የግዢና የሽያጭ መዝገቡም አንድ ግልባጭ ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ደረሰኝን በሚመለከት፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ያለ ደረሰኝ በሚደረግ ግብይት ላይ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ሱቃቸውን ዘግተው የሰነበቱ ነጋዴዎች ነበሩ። ለጀማሪ ማኅበር ደረሰኝ ከቁጥጥር ፍርሃት በላይ ጥቅም አለው፤ የገዛበትን ማስረጃ ያልያዘ ማኅበር ወጪውን ለግብር አስገቢው መሥሪያ ቤት ማሳየት ስለማይችል ያላተረፈውን እንዳተረፈ ሊቆጠርበት ይችላል። ዛላውን በቀጥታ ከገበሬ የሚገዛም ቢሆን ስም፣ ቀን፣ ኪሎና ዋጋ የያዘ የግዢ ወረቀት አስፈርሞ ይያዝ። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የተቋቋመ ማኅበር ሒሳቡ የሚመረመር ስለሆነ፣ ይህ ወረቀት ለመርማሪውም ያስፈልጋል።

የልማት ሠራተኛው የመጀመሪያው ኩንታል ተሽጦ ባለቀ በሳምንቱ ማኅበሩን ይጎብኝ። ደብተሩን አስከፍቶ ሦስቱን ሚዛኖች፣ የሥራ ቀኖቹንና በዱቤ የቀረውን ከአባላቱ ጋር አብሮ ይደምር፤ ማካፈሉንም ራሳቸው እንዲያደርጉት ይተው። ከሦስቱ ሚዛኖች አንዱ ሳይጻፍ ከቀረ ሁለተኛው ኩንታል ከመገዛቱ በፊት ሚዛንና ደብተሩን የሚይዝ አንድ አባል ተመርጦ ስሙ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ያድርግ።